ከልብ ሕመም ጋር የመጣ ሽባነት፦ በአንዲት ውሻ ላይ የተደረገ የአኩፓንክቸርና የዕፅዋት ሕክምና

ሎላ የ11 ዓመት ዳሽሁንድ ናት። ወገቧ ረጅም፣ እግሮቿ አጫጭር፣ ክብደቷ 8.4 ኪሎ ግራም፤ ለአጥንቷ ቢያንስ አንድ ኪሎ በዝቶባታል። ስሟን ቀይሬዋለሁ። ወደ ክሊኒካችን ያመጧት ባለቤቷ በጡረታ ላይ ያሉ መምህርት ናቸው። በዋዜማው ማታ ጀርባዋን አጉብጣ አልጋ ሥር ገባች፤ ሲያነሷት ጮኸች። ሲነጋ የኋላ እግሮቿን መሬት ለመሬት እየጎተተች ከተደበቀችበት ወጣች።

ባለቤቷ ውሻዋን ጠረጴዛው ላይ ካስተኙ በኋላ ከቦርሳቸው ሁለት ነገር አወጡ፦ የልብ መድኃኒቶቿን የያዘ ከረጢትና ስም ያልተጻፈበት፣ ቡናማ ዱቄት የሞላው ብልቃጥ። «ዶክተር፣ ቀዶ ጥገና እንዳይሉኝ፤ ልቧ አይችለውም። ሽባነትን በመርፌና በዕፅዋት የሚያድኑ አሉ ብለውኛል» አሉ። ዱቄቱን የሰጣቸው የሚያውቁት ሰው ነው። ከምን እንደተቀመመ ግን ሰጪውም አያውቅም።

ጉዳዩን ለጽሑፍ ያበቃሁት፣ የተለመዱት የሕክምና በሮች አንድ በአንድ ሲዘጉብን አኩፓንክቸር፣ ማለትም በቀጫጭን መርፌ የሚሰጠው ሕክምና፣ የቱ ጋ እንደጠቀመን፣ የዕፅዋቱ መድኃኒት ደግሞ የቱ ጋ ሊጎዳን እንደነበር በአንዲት ታካሚ ላይ ጎን ለጎን ስላየን ነው።

መርፌ ከመሰካቱ በፊት

ሽባነት የምልክት ስም ነው፤ ከጀርባው ያለው በሽታ ብዙ ዓይነት ነው። አንዲት ድመት በድንገት የኋላ እግሮቿ ተይዘው እየጮኸች ብትመጣ፣ መዳፎቿም ቀዝቅዘው በጭኗ ውስጥ የሚዳሰሰው የደም ምት ቢጠፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የታመመ ልብ የላከው የረጋ ደም ነው። ደሙ ዋናውን ቧንቧ መገንጠያው ላይ ዘግቶታል። እዚያ ላይ መርፌ እየሰኩ ሰዓት መግደል በደል ነው። የመዥገር መርዝ የሚያመጣው ሽባነትም አለ፤ እዚህ ዋናው ሥራ ፀጉሩን ገልጦ መዥገሩን ፈልጎ መንቀል ነው። ከዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ካለው ትራስ፣ የተፈረፈረ ቁራጭ የኅብለ ሰረሰርን የደም ሥር ሲዘጋ የሚከሰተው ሽባነት ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በኋላ አያምም፤ ብዙ ጊዜ አንዱን ጎን አብልጦ ያጠቃል፤ ከእነዚህ ውሾች ብዙዎቹ ያለ ቀዶ ጥገና ይሻላቸዋል። በእንዲህ ያለ ውሻ ላይ መርፌ የሰካ ሁሉ ባለ ተአምር ሆኖ ይታያል።

ሎላን ግን ያማታል። ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በላይ ያለውን አከርካሪ በአውራ ጣቴ ስጫነው ሆዷ እንደ ሰሌዳ ደረቀ። የጀርባዋን ቆዳ ከዳሌ ወደ ትከሻ እየቆነጠጥኩ ስወጣ፣ እስከ አንድ ቦታ ድረስ ቆዳው ዝም አለ፤ ከዚያ መስመር ወዲህ ግን በሁለቱም ጎን ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጉዳቱ ያለው ቆዳው ከሚነቃበት መስመር ጥቂት አከርካሪዎች ወደፊት ነው፤ በሎላ ላይ ሲሰላ የደረትና የወገብ አከርካሪ የሚገናኙበት አካባቢ ላይ ያርፋል። የጉልበቷ ምላሽ አልጠፋም፤ እንዲያውም ከልክ ያለፈ ነበር።

ቦታው አያስገርምም። በደረት አከርካሪ ላይ ግራና ቀኝ የጎድን አጥንቶችን ራስ የሚያያይዙ ጅማቶች በዲስኩ ላይ ተጋድመው ከኋላ ይደግፉታል። ድጋፉ ወደ ወገብ ሲወረድ ስለሚያበቃ ዲስክ በብዛት የሚፈነዳው ከዚያ ወዲያ ነው። ስዊድናዊው የእንስሳት ሐኪም ሐንስ-ዮርገን ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጥናት የዲስክ መውጣትን በሁለት ከፍሎታል፤ እንደ ሎላ ባሉ አጭር እግር ዝርያዎች ላይ የሚደርሰው አንደኛው ዓይነት ነው። ጄሊ መሰሉ የዲስክ እምብርት ገና በወጣትነት ይደርቃል፣ ኖራ ይቋጥራል፤ ከዚያ አንድ ቀን በድንገት ወደ ኅብለ ሰረሰሩ ይተኮሳል። የዘር ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታውቋል፦ ኤፍ.ጂ.ኤፍ.4 የተባለው ዘረመል ተጨማሪ ቅጂ በ12ኛው ክሮሞዞም ላይ ተሰክቶ ይገኛል። እግሩን አሳጥሮ ያሳመረው ሂደት ዲስኩንም ያለ ዕድሜው ያስረጃል። አርቢዎች ለዘመናት የመረጡት መልክ ሂሳቡን ከወገብ ላይ ያስከፍላል ማለት ነው።

ሁሉንም የሚወስነው ምርመራ የመጨረሻው ነው። በብረት መቆንጠጫ የኋላ እግሯን ጣት እስከ አጥንቱ ድረስ ጫን አድርጌ ያዝኩ። እግሯ ወዲያው ተሰበሰበ። ባለቤቷ «ተሰማት!» ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ። እግር መሰብሰብ ግን ስሜት አይደለም። መልእክቱ አንጎል ሳይደርስ ከወገብ የሚመለስ ነው፤ ኅብለ ሰረሰሩ ፈጽሞ በተቆረጠ ውሻ ላይም ይታያል። የሚጠበቀው ምላሽ ከአንገት በላይ ያለው ነው። ቀኝ እግሯን ስይዝ ማለክለኳን አቆመች፣ የዓይኗ ብሌን ሰፋ፣ ዞራ እጄን ልትነክስ ቃጣት። ግራውን ስይዝ ዘገየች፤ ሆኖም ከንፈሯን ላሰች፣ ቆይታም ዞረች። ጥልቅ የሕመም ስሜቷ አለ። በተለመደው የ5 ደረጃ መለኪያ 4ኛው ላይ ናት፦ በፈቃዷ አንዳች አታንቀሳቅስም፣ ጥልቁ ሕመም ግን ይሰማታል።

በ4ኛና በ5ኛ ደረጃ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። በሎላ ደረጃ ያሉ ውሾች ቀዶ ጥገና ሲደረግላቸው ከ10ሩ 9 ያህሉ ተመልሰው ይራመዳሉ፤ በዕረፍትና በመድኃኒት ብቻ ሲታከሙ ቁጥሩ ወደ 6 ይወርዳል። ጥልቅ ስሜቱ ከጠፋ ቀዶ ጥገናም ቢሆን የሚያስነሳው ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡትን ብቻ ነው። በዚህ የመጨረሻው ቡድን ውስጥ፣ ከ10ሩ በአንዱ ላይ ያህል፣ ኅብለ ሰረሰሩ እየሞተ ወደ ላይ የሚወጣበት ማየሎማላሲያ የሚባል ሁኔታ ይከተላል፤ መድኃኒትም የለውም፣ ውሻውም አይተርፍም። ስለዚህ ቆዳዋ የሚነቃበትን መስመር በተላጨ ጀርባዋ ላይ በብዕር አሰመርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋትና ማታ እየቆነጠጥን አመሳከርነው። መስመሩ ወደ ትከሻዋ ቢጠጋ ኖሮ ወሬው ስለ መርፌ ሳይሆን በሰላም ስለማሰናበት ይሆን ነበር።

የተዘጉት በሮች

ለባለቤቷ በግልጽ የነገርኳቸው፣ ልቧ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ በዚያው ዕለት ለቀዶ ጥገና እልካት እንደነበር ነው። አኩፓንክቸርን ያስመረጠን የሎላ ልብ ነው። ማይትራል የሚባለው የልቧ በር ተበላሽቶ ከሁለት ወር በፊት ሳንባዋ ውኃ ቋጥሮ ነበር። የልብ ሐኪሟ ሙሉ ማደንዘዣ የማይሞከር ባይሆንም አደጋው ከባድ መሆኑን ጻፈ። ኤም.አር.አይም ማደንዘዣ ስለሚፈልግ ቀረ። በራጅ ላይ የጠበበ የዲስክ ክፍተትና ኖራ የቋጠሩ ዲስኮች ታዩ። ራጅ ኅብለ ሰረሰርን አያሳይም፤ ስለዚህ የዲስክ መውጣት ያልነው በእጅ ምርመራና ግምትን በማመዛዘን ነው። አንባቢ ይህን ይያዝልኝ።

ቀጥሎ የሕመም ማስታገሻው በር ተዘጋ። ሎላ ለልቧ ፉሮሰሚድ፣ ፒሞቤንዳንና ቤናዘፕሪል ትወስዳለች። ለዲስክ ሕመም የሚሰጡት ስቴሮይድ ያልሆኑ ጸረ ብግነት መድኃኒቶች ሽንት ከሚያሸናው ፉሮሰሚድና ከቤናዘፕሪል ጋር ሲደመሩ ኩላሊትን ከሦስት አቅጣጫ ያጠቃሉ። ኮርቲዞን ደግሞ ውኃና ጨው ያስቋጥራል፤ ለተዳከመ ልብ ጠላት ነው፤ ለዲስክ መውጣት ያለው ጥቅምም ብዙ ባለሙያዎች እንዲተው የሚመክሩት ዓይነት ነው። የቀረን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በመርፌ የሚሰጥ ኦፒዮይድ (የሞርፊን ወገን የሆነ ማስታገሻ)፣ ከዚያም በኪሎ 10 ሚሊግራም ሒሳብ በየ8 ሰዓቱ ጋባፔንቲን ነበር። ለሰው የተሠራው ፈሳሽ ጋባፔንቲን ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ሊኖረው ይችላል፤ ዛይሊቶል ውሻን ይመርዛል። የሎላ ከካፕሱል ነው።

አኩፓንክቸር ቦታ ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ሽባነትን ይፈውሳል ብዬ ሳይሆን፣ ኩላሊትም ልብም የማይነካ የሕመም ማስታገሻ ስላስፈለገኝ ባልደረባዬን ጠራሁ። እሷ ከመደበኛው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በኋላ አኩፓንክቸርን ለብቻው የሠለጠነች ሐኪም ናት። የዓለም አቀፉ የእንስሳት አኩፓንክቸር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1974 ከተመሠረተ ወዲህ ለእንስሳት ሐኪሞች የተለየ ሥልጠና አለ። ይህ ሥልጠና የሌለው ሰው በተሰበረ ወይም በተፈነዳ አከርካሪ ዙሪያ መርፌ እንዲሰካ መፍቀድ የለበትም የሚል አቋም አለኝ።

በኤሌክትሪክ የታገዘው መርፌ

የመጀመሪያው ዕለት ሎላን በጎኗ አስተኝተን የልብ ምት መከታተያ አያያዝንላት። መርፌዎቹ ሩብ ሚሊሜትር የሚወፍሩ፣ ታሽገው የመጡ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ ናቸው። ባልደረባዬ የተወሰኑትን ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ ከጉዳቱ ፊትና ኋላ ሰካች። እነዚህ ነጥቦች በሐን ሥርወ መንግሥት መጨረሻ በኖረው ቻይናዊ ሐኪም ስም የሁዋ ቱዎ ነጥቦች ይባላሉ። አንዱን ወገብና ዳሌ በሚገናኙበት ጎድጓዳ፣ ባይ ሁይ በሚባለው ቦታ ላይ፣ ሌሎቹን ከጉልበት በታች ባለው ዙሳንሊ ላይና በኋላ እግር ጣቶች መካከል አደረገች።

በብዕር ካሰመርኩት መስመር ፊት ያሉት መርፌዎች ሲገቡ ሎላ በእያንዳንዱ ዞር ትላለች። ከመስመሩ ኋላ ያሉት ሲገቡ ግን የግድግዳውን ሰዓት ታያለች። ይህ ለባለቤቷ የሚያሳዝን፣ ለሐኪሙ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው፦ ቆዳው የማይሰማው ውሻ ኤሌክትሪኩ ሲበዛበት አይጮህም። ስለዚህ የኃይሉን መጠን የሚወስነው ዓይን ነው። ባልደረባዬ ቁልፉን ቀስ እያለች አዙራ፣ የጀርባው ጡንቻ በጥቂቱ መዝለል ሲጀምር ቆመች።

ሽቦዎቹን ያገናኘነው ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ፣ በአንድ ወገን ባሉ መርፌዎች መካከል ብቻ ነው። ኤሌክትሪኩ ደረትን አቋርጦ እንዲያልፍ ማድረግ በልብ ሕመምተኛ ላይ ድፍረት ነው። ድግግሞሹ 2 እና 100 ኸርትዝ እየተፈራረቀ 20 ደቂቃ ቆየ። የሚፈራረቅበት ምክንያት አለው፦ ሰውነት ራሱ ከሚያመነጫቸው ማስታገሻዎች ዝቅተኛው ድግግሞሽ ኢንዶርፊንንና ኢንኬፋሊንን፣ ከፍተኛው ዳይኖርፊንን እንደሚያስለቅቅ በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራም የሞርፊን ተቃራኒ የሆነው ናሎክሶን ሲሰጥ የመርፌው ማስታገሻነት ጠፍቷል። ቺ ስለሚባለው የሕይወት ኃይል ፍሰት በቻይና ባህል የሚሰጠውን ማብራሪያ የማይቀበል ሐኪም ቢያንስ በዚህ በኩል የሚጨብጠው ነገር አለው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ መንቀጥቀጧ ቆመ፤ አገጯን በባለቤቷ ክንድ ላይ ጥላ ዓይኖቿን ጨፈነች። ኦፒዮይድ እንደወሰደች አልዘነጋሁም፤ ውሻ በመድኃኒትም ይተኛል። ይበልጥ የሚያሳምነው ከሁለት ቀን በኋላ የታየው ነው። ኦፒዮይዱ ተቋርጦ በጋባፔንቲን ብቻ ስትቆይ ከሰዓት በኋላ ላይ እንደገና ትጎብጥ ጀመር፤ ከመርፌው በኋላ እስከ ማግሥቱ ትዘረጋለች። ይህ መጎበጥና መዘርጋት ሳምንቱን ሙሉ ተደጋገመ። መጀመሪያ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በኋላ ሁለት፣ ከዚያ አንድ ጊዜ አደረግንላት።

ብልቃጡና የዕፅዋቱ ቅመም

ያንን ቡናማ ዱቄት ባለቤቷ መልሰው እንዳይወስዱት ለመንኳቸው፤ ቅር አላቸው። «ተክል እኮ ነው» አሉ። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ለመደንዘዝና ለሽባነት ከሚታዘዙት አንዱ ማ ቺያን ዚ የሚባል ፍሬ ነው፤ በውስጡ ስትሪክኒን አለ፤ ውሻን አንቀጥቅጦ የሚገድለው ያው መርዝ። ሌላው አኮኒት የሚባል ተክል ነው፤ የልብን ምት ያዛባል። ባለሙያዎች እነዚህን በልዩ መንገድ አዘጋጅተው መርዛቸውን ይቀንሳሉ፤ ስም በሌለው ብልቃጥ ውስጥ ግን ማን እንዴት እንዳዘጋጀው አይታወቅም። የስም ስህተትም ይገድላል፦ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጂየም ለማቅጠኛ በተሰጠ ቅመም ውስጥ አንዱ የቻይና ሥር በሌላ፣ አሪስቶሎኪክ አሲድ ባለው ተክል ተተክቶ ከ100 በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎድቷል። ሁለቱ ተክሎች በቻይንኛ የሚጠሩበት ስም ተመሳሳይ ነበር።

ባልደረባዬ በምትኩ ያቀረበችው ቻይናዊው ሐኪም ዋንግ ቺንግረን እ.ኤ.አ. በ1830 ያሳተመውን፣ ከስትሮክ በኋላ ለሚመጣ ሽባነት የታዘዘ ሰባት ነገሮች ያሉት ቅመም ነው። አስትራጋለስ የተባለው ሥር ብቻውን ከሌሎቹ ስድስቱ ድምር እጅግ ይበልጣል። ስድስቱ የአንጀሊካ ሥር፣ ቀይ ፒዮኒ፣ ሊጉስቲከም፣ የኮክ ፍሬ አስኳል፣ የእሾሃማው ሱፍ አበባና የምድር ትል ናቸው። ይህን የመረጠችው አብዛኛው የቻይና ቅመም የሚጣፍጥበት ሊኮሪስ የሚባል ሥር ስለሌለው ነው። ሊኮሪስ ጨውና ውኃ ያስቋጥራል፣ ፖታሲየም ያስወጣል፤ ፉሮሰሚድ በበኩሉ ፖታሲየም እያስወጣ ነው። ከሁለቱ መካከል የምትያዘው የሎላ ልብ ናት። ለዲስክ በብዛት በሚሸጡት የተዘጋጁ ቅመሞች መለያ ላይ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ሥር ነው።

እኔ በሁለት ነገር ተሟገትኩ። አንጀሊካ፣ ሊጉስቲከምና ሱፍ የደም መርጋትን የማዘግየት ጠባይ አላቸው፤ የተተኮሰ ዲስክ ደግሞ ኅብለ ሰረሰሩ ዙሪያ ደም ያፈሳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይሰጥም አልኩ፤ እሷም የባህሉ ሥርዓት ራሱ ሁኔታው ከተረጋጋ በኋላ እንዲሰጥ ያዛል ብላ ተስማማች። ሁለተኛ፣ መጠኑ ከተለመደው በግማሽ እንዲጀመርና ከዚያ በፊትም በኋላም የኩላሊት፣ የጉበትና የፖታሲየም ምርመራ እንዲደረግ ጠየቅኩ። አምራቹ የእያንዳንዱን ተክል የላቲን ስምና የከባድ ብረት ምርመራ ውጤት የሚሰጥ መሆኑን እሷ አረጋገጠች።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ጀመርን። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሎላ ምግብ ሸሸች፣ ተቅማጥ ያዛት። ፉሮሰሚድ የሚወስድ ውሻ ተቅማጥ ሲጨመርበት ቶሎ ይደርቃል፦ የኩላሊት ድካም የሚታይበት ክሬያቲኒኗ ወጣ፣ ፖታሲየሟ ወረደ። በዚያው ሰሞን ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ትወስድ ስለነበር ጥፋተኛውን ለመለየት አንዱን ብቻ አቆምን። ቅመሙ ሲቆም መድኃኒቱ እየቀጠለ ተቅማጡ በሁለት ቀን ውስጥ ቆመ። ከልብ ሐኪሟ ጋር ተነጋግረን ፉሮሰሚዱን ለጊዜው ቀነስን፤ ከቆዳ ሥር ጥቂት ፈሳሽ ሰጠን፤ እስትንፋሷን በእንቅልፍ ላይ ሳለች እየቆጠርን ጠበቅን። ኩላሊቷ ተመለሰ። ቅመሙን ግን እንደገና አልጀመርንም።

ማንም የማያወራለት ሥራ

ስለዚህ ጉዳይ የሚጠይቁኝ ሁሉ የሚጠይቁት ስለ መርፌው ነው። ሎላን በሕይወት ያቆያት ግን የሽንት ፊኛዋ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። በደረትና በወገብ መካከል የተጎዳ ኅብለ ሰረሰር የፊኛውን በር ጠንክሮ እንዲዘጋ ያደርገዋል፤ ፊኛው ይሞላል፣ ይወጠራል፣ ከዚያ ጠብ ጠብ ይላል። ጠብታውን ያዩ ባለቤቶች «እየሸናች ነው» ብለው ይጽናናሉ። ያ የሞላ በርሜል መትረፍ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ በእጅ ጨምቆ ማስወጣት የተለመደ ነው፤ ሎላ ግን ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ስለምትወስድ ሦስት ጊዜ አልበቃትም፤ ሌሊትም መነሣት ነበረበት። በሩን የሚያላላው ፕራዞሲን የደም ግፊት ስለሚያወርድ ከልብ መድኃኒቶቿ ጋር አላዋሐድነውም።

መምህርቷ ጭመቃውን የተማሩት በሁለት ቀን ነው። ውሻዋን ቆማ እንድትደገፍ አድርገው፣ ሁለት መዳፋቸውን ከጎድን አጥንቷ ኋላ በሆዷ ግራና ቀኝ ያሳርፋሉ፤ ጣቶቻቸውን ዘርግተው ፊኛውን ይፈልጉታል፤ ሲያገኙት ሳይቆነጥጡ እኩል ጫና እየጨመሩ ወደ ጅራት ይገፋሉ። ስንት እንደወጣ፣ ቀለሙና ሽታው ምን እንደሆነ በደብተር ይጽፉ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሽታው መለወጡን የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ኢንፌክሽኑን ያገኘነው ከዚያ ነው።

ሌላው ዕረፍት ነው። ቢያንስ አራት ሳምንት በጠባብ የማረፊያ ሳጥን ውስጥ፣ መዝለል የለ፣ መሮጥ የለ። የተቀደደው የዲስክ ጠርዝ የሚጠግገው እንዲህ ነው። እዚህ ላይ መርፌ መዘዝ አለው፦ ሕመሙ ሲለቃት ውሻዋ የዳነች ይመስላታል፣ ባለቤቱም ያዝንና ሳጥኑን ይከፍታል።

የተመለሰችበት መንገድ

በመጀመሪያው ሳምንት የተሰመረው መስመር አልተንቀሳቀሰም፤ እግሯም አልተንቀሳቀሰም። በሳምንቱ መጨረሻ ባለቤቷ ከበር ሲጠሯት ጅራቷ ሁለት ጊዜ ተወዛወዘ። ጅራት ሲነካ ቢወዛወዝ ዋጋ የለውም፤ በድምፅ መወዛወዙ ግን ከአንጎል የወጣ ትእዛዝ ተበላሽቶ በነበረው መንገድ አልፎ መድረሱን ይነግራል። በሁለተኛው ሳምንት ቀኝ ዳሌዋ መግፋት ጀመረ፤ በሦስተኛው በጨርቅ መታጠቂያ ተይዛ ጥቂት ሰከንድ ቆመች። ቅመሙ የቆመው በዚህ ሰሞን ነው፤ መሻሻሉ ግን አልቆመም። በአምስተኛው ሳምንት እየተንገዳገደች፣ የግራ መዳፏን እያጠፈች ተራመደች፤ ሽንቷንም በፈቃዷ ሸናች። በሦስተኛው ወር ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ታቋርጥ ነበር። የግራ መዳፏ መሬት እየፋቀ የመሄድ ልማድ ግን አልለቀቃትም፤ ጥፍሩም በዚያ በኩል አጥሯል።

ባለቤትም ሐኪምም መሻሻል ማየት ስለሚፈልጉ ያዩታል። ይህን ለመከላከል በየሳምንቱ አረማመዷን ቀረጽን፤ ቪዲዮዎቹን ቀናቸውን ደብቀንና ቅደም ተከተላቸውን አዘበራርቀን ሕክምናዋን ለማያውቅ ሌላ ሐኪም ሰጠን። የሰጣቸው ነጥቦች ሲደረደሩ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ሆኑ። በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ተለያየን፦ እኔ ትልቅ ለውጥ ያየሁበት የአራተኛው ሳምንት ቪዲዮ ለእሱ ከሦስተኛው አይለይም።

ታዲያ መርፌው እግሯን መለሰ? ሎላ ያለ መርፌ የመመለስ ዕድሏ ከ10ሩ 6 ያህል ነበር። አኩፓንክቸሩ ይህን አሻሽሎት ይሆናል የሚያሰኙ ጥናቶች በብራዚል ቦቱካቱ ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው 50 ውሾችን አጥንቶ፣ በ3ኛና በ4ኛ ደረጃ ላይ የነበሩት ኤሌክትሮአኩፓንክቸር ሲጨመርላቸው በአማካይ በ10 ቀን ገደማ ሲራመዱ፣ መደበኛ መድኃኒት ብቻ የወሰዱት 21 ቀን ገደማ ፈጅቶባቸዋል ይላል። የ2010ሩ ደግሞ ከባድ ጉዳታቸው ከ48 ሰዓት ያለፈባቸውን 40 ውሾች ተመልክቶ፣ በመርፌ ከታከሙት 19 ውሾች 15ቱ፣ በቀዶ ጥገና ከታከሙት 10 ደግሞ 4ቱ ተሳክቶላቸዋል ይላል። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር እየጠቀሱ «መርፌ ከቢላዋ ይበልጣል» የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ቡድኖቹ ትንንሽ ናቸው፤ ቀዶ ጥገናውም የተነጻጸረው ዘግይተው በመጡ ውሾች ላይ ነው፤ በጊዜው ለደረሰ የ4ኛ ደረጃ ውሻ የሚገኘው ውጤት ከላይ የጻፍኩት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የእንስሳት አኩፓንክቸር ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ግምገማም ለመምከርም ሆነ ለመተው የሚያስገድድ ማስረጃ አላገኘም።

የእኔ ግምት ይህ ነው። ሕመሟን በመቀነስ በኩል መርፌው የሠራ ይመስለኛል፤ በእሷ ላይ ሌላ አማራጭ ባልነበረበት ቦታ ሠርቷል። እግሯን በመመለስ በኩል የአንበሳውን ድርሻ ለዕረፍት፣ ለጊዜና ለመምህርቷ እጆች እሰጣለሁ፤ መርፌው ከኋላ ገፍቶ ከሆነ እሰየው። ባልደረባዬ ከዚህ የበለጠ ትሰጠዋለች፤ በዚህ እንከራከራለን። በቅመሙ ላይ ግን ሁለታችንም አንድ ነን፦ ፉሮሰሚድ ለሚወስድ የልብ ሕመምተኛ ዳግመኛ አናዝም።

ባለቤቷ አሁንም በየወሩ ለማጠናከሪያ መርፌ ይዘዋት መምጣት ይፈልጋሉ። ጀርባዋ ካልጎበጠ አያስፈልግም አልኳቸው፤ ገንዘባቸውን በሁለት ነገር ላይ እንዲያውሉት መከርኩ፦ ወደ ሶፋው በሚያወጣ ዝቅተኛ መወጣጫና በየሦስት ወሩ በሚደረግ የኩላሊትና የልብ ክትትል። ክብደቷ 7.3 ኪሎ ደርሷል። አንገት ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ በደረት መታጠቂያ ተተክቷል። ሌላ ዲስክ ቢፈነዳ ምን እንደምናደርግም ተስማምተን በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፈነዋል፦ በዚያው ዕለት ትመጣለች፣ መጀመሪያ ጣቷ ይቆነጠጣል፤ ጥልቁ ስሜት ካለ ዕረፍቱና መርፌው እንደገና ይጀመራል፤ ከጠፋ ደግሞ መምህርቷ አንድ ሌሊት አብረዋት አድረው በማግሥቱ ይወስናሉ።